ግማሽ ሽጉጥ

ሶዶ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዳቾ ደግፌ፣ ሁምቦ

ትናንት መናኸሪያ ቆሜ ሹፌሩን ጸሐዬን ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ «የደግፌ ልጆች እኮ የአባታቸውን ሽጉጥ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት» ስትል ሰማሁ። ዞሬ ላስተባብል ነበር፤ ሳስበው የማስተባብለው ነገር አጣሁ። ተካፍለነዋል። ቃሏን እንዳለ ተቀብዬ ወደ ቤት ስመለስ ድርሻችንን አሰላሁት። አንተ ሁለቱን አፈሙዞች ስለወሰድክ ሁለቱ ታፋ ያንተ ነው። እኔ እጀታውንና ምላጩን ስለያዝኩ የደረሰኝ አንገት ነው ማለት ነው። ጉበቱ የት እንደገባ አላወቅሁም።

ጸሐዬ ደብዳቤህን ሰጥቶኛል። «እጀታውን ላክ» ብለህ ስለጀመርክ ሰላምታውን ከጀርባ ገልብጬ ፈለግሁ፤ እዚያም የለም። እኔም የኔን ወደ መጨረሻ አዛውሬዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ካነበብክ ታገኘዋለህ።

በስልክ ለምን አናወራም ላልከው፣ ፍርዱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። በአባባ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ሽጉጡን ይዘን ስንጓተት አቶ ገብርኤልና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ መሃላችን ገቡ። ሽጉጡ በወገቡ ታጥፎ የሚከፈት፣ አፈሙዙም ተነቅሎ በሌላ የሚለወጥ መሆኑን ሲያዩ የአቶ ገብርኤል ፊት በራ። «ጌታ መውጫውን አዘጋጅቶልናል» አሉ። ባዳቾ ባይራው ነው፣ በኩር ነው፣ አፈሙዞቹን ይውሰድ፤ ሚልክያስ እጀታውን ይያዝ፤ በየትኛው ጥይት እንደሚተኮስ ሁለቱ ካልተስማሙ አይገጠምም። ስለ ሽጉጡም በአፍ ሳይሆን በወረቀት ይነጋገሩ፤ ቁጣ ወረቀት ላይ እስኪደርስ ይበርዳል አሉ። የአንተን ደብዳቤ አንብበው አያውቁም።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ አሁንም በአባባ ስም ነው። በስማችን ይዞርልን ብዬ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውየው ታሪኩን በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «ለግማሽ መሣሪያ የሚሰጥ ፈቃድ የለንም፤ ግማሽ መሣሪያ አይከለከልም ብዬም አልጽፍልህም» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ግልጽ መልስ ከመንግሥት ቢሮ አግኝቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥይቱ። አንድ ጎራሽ ሽጉጥ አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ምን እንደሚናገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። በቀጭኑ አፈሙዝ ላይ የተቀረጸው ሃያ ሁለት ሆርኔት ይላል። በወፍራሙ ላይ አርባ አራት ማግነም። ስለ ሁለቱም አንብቤያለሁ። ከትምህርት ቤቴ ላይብረሪ አይደለም፤ እኛ ጋ ስለ መሣሪያ ያለው የዓለም ጦርነት መጽሐፍ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ነው። ቀጭኑ ፈጣን ነው፣ ብዙ አይጮህም፣ እጅ አይመታም። ወፍራሙ የሚተኩሰውንም የሚተኮስበትንም ሳያዳላ ይመታል። ወረቀቱን አትሜ አያይዤልሃለሁ።

እኔ የምስማማው በቀጭኑ ብቻ ነው። ለከርከሮ አይበቃም ትላለህ። አባባ በብላቴ ወንዝ ዳር ከርከሮ የጣለው በዚሁ በቀጭኑ ነው፤ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ነበር።

ለባለቤትህ ለሜሪ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለአንተም ይሁን።

ወንድምህ ሚልክያስ


ሁምቦ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

ለታናሽ ወንድሜ ለሚልክያስ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለሜሪ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ደህና ነህ ወይ ብለህ ስላልጠየቅኸኝ እሱን አልመልስም። የበቆሎውን ግን ልንገርህ።

ከርከሮዎቹ ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ቁጥቋጦ ይወጣሉ። አይሮጡም። ጭራቸውን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ተሰልፈው፣ ለስብሰባ እንደተጠራ ሰው ረጋ ብለው ነው የሚመጡት። የስኳር ድንቹን መደብ በአፍንጫቸው ገልብጠው ጨርሰውታል። አሁን በቆሎው እስኪያፈራ እየጠበቁ ነው፤ ከኔ የበለጠ ትዕግሥት አላቸው። ቆርቆሮ መታን። ጭስ አጨስን። እዚህ ረስተኸው የሄድከውን ኮት እንጨት ላይ ሰቅለን ማሳው መሃል አቆምነው። ከኮትህ ሥር ጥላ ፈልገው ተኙ። ማሳውን ስትጠብቅ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አልቻልክበትም።

ሜሪ በየማለዳው ማማው ላይ ትወጣለች። እኔ ከታች ከውሾቹ ጋር ነኝ። አንዱ ውሻ ከሆዱ ተቀድዶ ሞቷል። ይህን ባለፈው ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር፤ አንተ ስለ ቅርጫ መለስክልኝ።

ደግሞ አባባ በቀጭኑ ከርከሮ ጣለ የምትለው ከየት የመጣ ነው? እኔ አብሬው ነበርኩ። አንተ ያኔ ሶዶ ትማር ነበር፤ ለእረፍት ስትመጣም አፍንጫህ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። በወፍራሙ ነው የጣለው። ድምፁን ተራራው ተቀብሎ መልሶታል፤ ወፎቹ ከዛፉ ተነሥተው ሲዞሩ ቆይተዋል። አንተ የሰማኸው የደረቅ እንጨት ስብራት ከሆነ፣ ደረቅ እንጨት ተሰብሮ ይሆናል።

ፈረንጅ አዳኞች አባባን ዱካ እንዲያነብላቸው ይዘውት የሚዞሩት መጽሐፍ ስላነበበ አልነበረም። ያ ፈረንጅ ሲሄድ ሽጉጡን የሸለመው አውሬ ፊት ቆሞ ስለማይፈራ ነው። ሽጉጡ ለሥራ የተሰጠ ነው። አንተ ጋ ምን እየሠራ ነው? ወረቀት እንዳይበር ትጭነዋለህ ብለው ነግረውኛል።

እጀታውን ላክ።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017

ለባዳቾ

«ጋሼ» የሚለውን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም።

ከዚያ በኋላ «ፈሪ ነህ ወይ?» ብለህ በስኳር ከረጢት ወረቀት ላይ የጻፍከውም ደርሶኛል። ሽማግሌዎቹ ወረቀት ያሉት ይህን አስበው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ለጥያቄህ መልሴ አዎ ነው፤ ፈሪ ነኝ። አንተን ነው የምፈራው። እንደ ሰደብከኝ ብታስብም እኔ ያነበብኩት እንደ ጥያቄ ስለሆነ በጥያቄነቱ መልሼዋለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ከጎረቤትህ ከታምራት ጋር ምን ላይ ናችሁ? በድንበሩ ቦይ መጣላታችሁን አውቃለሁ፤ ቦዩን ወደ አንተ ገፍቶታል ብለህ ካሰብክ ቆየህ። የማላውቀውን የነገረኝ ኸይሩ ነው፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጅምላ ሻጭ፣ የስልጤው ልጅ። በገበያ ቀን ሳሙናና ዘይት ጭኖ እናንተ ጋ ወደ ተበላ ከተማ ይወርድ የለም? «ወላሂ ወንድምህ በገበያው መሃል ታምራትን አስቁሞ፣ አፈሙዙ እኔ ጋ ነው አለው» ብሎ ነገረኝ። ኸይሩን ለማጽናናት አፈሙዝ ያለ እጀታ ቧንቧ ነው አልኩት።

«ቧንቧ ከሆነ አንተ ለምን ላብ አጠመቀህ?» አለኝ።

ሰው በገበያ መሃል ለጎረቤቱ አፈሙዝ አለኝ ካለ በኋላ፣ እጀታውን ለከርከሮ ነው የምፈልገው ቢለኝ ምን ልበል? ከርከሮው ቦይ አልገፋም። ወፍራሙን ጥይት ለምን አጥብቀህ እንደያዝክ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አርባ አራት ማግነም የሚወረወረው ትልቅ እንስሳ ላይ ነው፤ ታምራት ደግሞ ሰፊ ሰው ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬ ያው ነው። ቀጭኑ። እሱንም እኔው ራሴ እጀታውን ይዤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እወርዳለሁ፤ አንተ ስትተኩስ አጠገብህ እቆማለሁ፤ ተኩሰህ ስትጨርስ ነቅዬ ይዤው እመለሳለሁ። ይህ ካልተስማማህ ማሳህን ያው ኮቴ ይጠብቅልህ።

ወረቀት እጭንበታለሁ የተባለው እውነት ነው። ለዚያ ሥራ በጣም ጥሩ ነው።

ሜሪ ደህና ናት? ባለፈው ስለ እሷ አንድ ቃል አልጻፍክም።

ሚልክያስ


ሁምቦ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

ለተከበሩ አቶ ሚልክያስ ደግፌ፣ የላይብረሪ ኃላፊ

ክቡርነትዎ በላኩልኝ የኢንተርኔት ወረቀት ላይ አንድ ነገር አንብቤ ላካፍልዎ ፈለግሁ። እኔም ማንበብ እችላለሁ።

ወረቀቱ ቀጭኑ ጥይት ለጥንቸል፣ ለቀበሮ፣ ለትንንሽ አውሬ ነው ይላል። የከርከሮ ቆዳና የትከሻ አጥንት አይበሳም፤ ቧጥጦ ያናድደዋል። የተናደደ ከርከሮ ደግሞ ወደ ተኮሰበት ይመጣል። ለሰው ግን ይበቃል። ይህንን ወረቀቱ አላለም፤ ማንም የሚያውቀው ነው፤ የሰው ቆዳ ቀጭን ነው።

እንግዲህ አስበው። እኔ የመረጥኩት ጥይት ለከርከሮ ነው። አንተ የመረጥክልኝ ከርከሮ የማይገድል፣ ሰው የሚገድል ነው። ታምራትን ለማስገደል የተነሣው ከሁለታችን ማን ነው? ሽማግሌ ተሰብስቦ ቢፈርድ ኖሮ እጀታውን ከአንተ ነበር የሚነጥቀው።

በገበያ ያልኩትን ብያለሁ። አልክድም። ሰውየው ሳቀብኝ፤ «የአንተ ሽጉጥ እኮ ሶዶ ሄዶ ይማራል» አለኝ፣ በሰው ፊት። አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር? ምናልባት ወረቀት ታትምለት ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ ላልከው፣ ተዘግቷል። አልመጣህም። ለምን ብዬ አልጠይቅህም፤ ምክንያቱን በሚገባ አሳምረህ እንደምትጽፈው አውቃለሁ።

ሜሪ ደህና ናት። እግሯን ትንሽ አሟት ነበር። ማማው ላይ አትወጣም።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017

ባዳቾ፣

እግሯን ትንሽ አሟት ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በላይ ብቻውን ያስቀመጥኩት አንተ እንዴት እንደጻፍከው እንድታየው ነው። ከርከሮ ጭኗን ከጉልበቷ በላይ ቀድዶ፣ ደሟ ፈስሶ፣ በሆስፒታል ተሰፍታ፣ ሳምንት ሙሉ ተኝታ፤ አንተ «ትንሽ አሟት ነበር»።

የት ሆስፒታል? ሶዶ። ከቤቴ ጀርባ ያለው። ባለቤቴ ቤቴል ልብስ ስታሰጣ መስኮቶቹ ይታዩዋታል። ደብዳቤህ አናት ላይ «ሁምቦ» ብለህ የጻፍከው እዚያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው፤ ጸሐዬን አፋጥጬው ነገረኝ። «ከሆስፒታሉ በር ነው የተቀበልኩት፤ ለወንድሜ ከሁምቦ ነው በለው ብሎ አስምሎኛል» አለ። ከእኔ ደጅ የተነሣ ደብዳቤ ወደ እኔ ደጅ ለመድረስ በሹፌር ተላከ።

እኔ እንዴት አወቅሁ? የኸይሩ ሚስት ዘሐራ የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ገብታ ሜሪን አየቻት። ሾርባም ያመላለሰችላት እሷ ናት። እኛም የምናውቅ መስሏት አልነገረችንም። ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ለቤቴል «እንዴት ነው፣ የወንድማችሁ ሚስት ወጣች?» ስትላት ነው ነገሩ የወጣው። ቤቴል አለቀሰች አልልህም፤ ድስት ወረወረች። ወደ እኔ ነው የወረወረችው፤ አንተ ሩቅ ስለነበርክ።

ሮጬ ስደርስ ወጥታችኋል። አልጋው ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ እግዜር ይማርዎ ብዬ የያዝኩትን ብርቱካን ለእሳቸው ሰጠሁ። ማን ነህ አሉኝ። አልጋ የተሳሳትኩ ጠያቂ ነኝ አልኳቸው።

ለምንድን ነው ያልነገርከኝ? በዚህ ምድር ላይ ምን አድርጌህ ነው? ሽጉጥ ከለከልኩህ እንጂ አልጋ ከልክዬሃለሁ? እንጀራ ከልክዬሃለሁ? አቶ ገብርኤል ስለ ሽጉጡ በአፍ አትነጋገሩ አሉ እንጂ ስለ ሚስትህ እግር አትናገር ብለዋል? የለቅሶ ቁጣችንን እስከዚህ አድርሰህ ሰዎቹ ሁሉ ያወቁትን እኔ ከሱቅ በር እንድሰማ ፈረድክብኝ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለምን እንዳልመጣሁ ምክንያቱን አሳምሬ ጽፌው ነበር። ቀድጄዋለሁ።

መልስ። ሁምቦ ሆነህ ጻፍ።

ሚልክያስ


ሁምቦ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 (እውነተኛው ሁምቦ)

ሚልክያስ፣

ነግሬህ ነበር። በግንቦት «እጀታውን ላክ» ብዬ ነገርኩህ። በሰኔ ውሻው ሞተ ብዬ ደግሜ ነገርኩህ። ሌላ አነጋገር አላውቅም። አንተ ጋ ለመሰማት ሰው ስንት ቦታ መቀደድ አለበት?

ሆስፒታል ሆኜ ልጠራህ ስልኩን አንስቼ ነበር። ከዚያ መጥተህ ከአልጋዋ አጠገብ ስትቀመጥ ታየኝ። ታለቅሳለህ። ከዚያ መነጽርህን ትጠርግና የከርከሮ ጥርስ በላይና በታች እንዴት እንደሚሳል ትነግረናለህ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይህ ነው ምክንያቱ። ሊያናድድህ ይችላል፤ እኔንም አናድዶኛል።

እንዴት እንደሆነ ብለህ አትጠይቀኝ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። የምነግርህ ማን እንዳወጣት ነው። ታምራት ነው። ጩኸቷን ከማሳው ማዶ ሰምቶ ቦዩን ዘልሎ መጣ፤ ያንኑ ቦይ። ሸሚዙን ቀድዶ እግሯን አሠረ፣ እስከ መንገዱ ድረስ በጀርባው አዝሏት ሮጠ። እኔ ስደርስ መኪና አስቁሞ «ግባ፣ ምን ታየኛለህ» ይለኛል። ያ ሰፊ ሰው ያልከው። ሰፊ ባይሆን አያዝላትም ነበር።

አመሰገንከው ወይ ልትለኝ ነው። ስለ ቦዩ አሁንም ሌባ ነው። ሌባ መሆኑን የምናገረው ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሆኗል። እሱም ሲሰማኝ አንገቱን ይነቀንቃል። ከሰፋት ሐኪም ቀጥሎ ሜሪ ቁስሏን የምታሳየው ለእሱ ነው፤ አስሬዋለሁና ልየው ይላል።

በቆሎው እሸት ሊሆን ነው። ከርከሮዎቹ አሁን በቀንም ይመጣሉ፤ ሰው እንደሚወድቅላቸው አውቀዋል። ሜሪ በአንድ እግሯ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ማሳውን ታያለች። ትናንት ምን አለችኝ? «በቆሎው ከተበላ እኔ የማነክሰው ለምን ነበር ይባላል?»  አንተ መልስ ካለህ ላክላት።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017

ለጋሼ ባዳቾ

መልስ የለኝም። እጀታው ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር እየመጣ ነው።

አቶ ገብርኤልን ሳላስፈቅድ አልላክሁትም። «በጥይቱ ተስማማችሁ?» አሉኝ። ተስማማን አልኳቸው። «በየትኛው?» በወፍራሙ። ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ሜሪ ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ስለ ሽጉጡ አንድ ቃል አልነበረበትም።

የሚያደርሰው ኸይሩ ነው። መጀመሪያ «እኔ በሽጉጥ ምን አገባኝ? ፍተሻ ቢይዘኝ የልጆቼን አባት ከየት ታመጣለህ?» አለ። የአባባን ፈቃድ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት፤ ሙሉ ሽጉጥ እንዳልሆነም አስረዳሁት። ገልጦ አየው። አፈሙዝ ሲያጣበት ቢስሚላህ ብሎ ከሳሙናው ካርቶን መሃል አስገባው። ዘሐራ ደግሞ ለሜሪ ጣፋጭ ነገር ጠቅልላለች፤ ቤቴል ጫማ ልካለች፤ አንዱ እግር እንዲሰፋ አድርጋ ነው የገዛችው።

ወፍራሙን ግጠም። ተስማምቻለሁ፤ ፊርማዬ ከታች አለ። በሁለት እጅህ ያዘው፣ ክርንህን አታድርቅ፤ ከደረቀ ወደ ግንባርህ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ነው፤ ከሳትከው ሌላ እስክታጎርስ እንስሳው አይጠብቅህም። ስለዚህ ብቻህን አትቁም፤ ታምራት አጠገብህ ይሁን። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ እጽፈዋለሁ ብዬ በሰኔ ቢነግሩኝ የተናገረውን ሰው ሐኪም ቤት እወስደው ነበር።

ከዚህ በላይ ብጽፍ ይቅርታ መጠየቅ እጀምራለሁ፤ ያንተን ደግሞ ሳልቀበል የኔን አልሰጥም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለ ውሻው ምንም አለማለቴ ግን ያሳፍረኛል። እሱን ውሰደው።

አባባ በቀጭኑ ነው የጣለው። በዚህ አልሸነፍልህም።

ሚልክያስ (ፊርማ)


ሁምቦ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017

ለሚልክያስ

ደረሰ። ኸይሩ እጀታውን ሲያስረክበኝ፣ የከርከሮ ደም ነክቶታል ብሎ እጁን በአፈር ፈትጎ ታጠበ።

ገጠመ። የቆዩ ዘመዶች ሲገናኙ መጀመሪያ እምቢ እንደሚሉት ትንሽ አስቸገረ፤ ከዚያ ቀጭ አለ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ አየሁበት፤ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለበትም፤ ትናንት የተሠራ ይመስላል። አባባ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ይገርማል። ሜሪ በምርኩዟ መጥታ በእጇ ይዛ መዘነችው። ታምራትም መጣ። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየውና «ይኼ ነው ያስፈራራኸኝ?» አለኝ። ይኼ ነው አልኩት። «ያምራል» አለ።

ቤቴል የላከችው ጫማ በልክ ሆኗል። ሜሪ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።

ከርከሮዎቹ ዛሬም ነበሩ። ከማሳው ጠርዝ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጨርሰዋል። አነጣጥሬ አየኋቸው፤ ከዚህ እስከ ዋርካው ያህል ነው፤ አልስትም። አንተ ስለ አባባ ያልከውን ሬሳው ላይ ቆመን እንከራከራለን።

ያ ሁሉ ቁጣ የኔም ነበር። የምሰጥህ ይቅርታ ይህ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው።

አሁን ጥይቱን ላክ። የአባባ ሣጥን አንተ ጋ ስለቀረ እዚያ ውስጥ ይሆናል። ጸሐዬ ነገ ይመለሳል፤ በእሱ አድርገው። ከበዛ የተወሰነውን ብቻ።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ባዳቾ፣ ለሜሪም

ዛሬ ሰላምታውን ከላይ አስቀድሜዋለሁ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን፤ ለእግሯም፣ ለማሳችሁም፣ ለታምራትም።

ነገ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እመጣለሁ፤ ጸሐዬ የፊት ወንበር ይዞልኛል። ስለዚህ ልጽፍ ባልተገባኝ ነበር፤ ግን ስለ ሽጉጡ በአፍ አንነጋገርም ብለናል፤ ፊትህ ቆሜ ከምናገረውም ይህን በእጅህ ሰጥቼህ ብታነበው ይሻላል። ቆርቆሮ እመታለሁ። ማማው ላይ እወጣለሁ። በቆሎው እስኪሰበሰብ አልመለስም፤ ቤቴልም ከሳምንቱ መጨረሻ ትከተለኛለች። ኸይሩ የአጥር ሽቦ ጥቅልል አበድሮናል፤ ጸሐዬ ጣሪያው ላይ ጭኖታል።

ሣጥኑን ደብዳቤህ በደረሰኝ ደቂቃ ከፈትኩት። መነጽሩ አለ። ኮፍያው አለ። ከፈረንጁ ጋር የተነሣው ፎቶ አለ፣ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ። ጥይት የለም። እኔ ባይራው አፈሙዙን ሲወስድ ጥይቱም አብሮ ሄዷል ብዬ ነበር የማስበው፤ አንተ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ነው ብለህ። በእነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች የትኛው ይሻላል ስንባባል፣ የት ነው ያለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ አቶ ገብርኤል ሄድኩ። በወጣትነታቸው ከአባባ ጋር ለፈረንጆቹ ድንኳን ይሸከሙ እንደነበር ታውቃለህ። በረንዳቸው ላይ እግራቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥይቱ ለማን ደረሰ አልኳቸው።

«የምን ጥይት?»

«የአባባ። የሽጉጡ።»

«ፈረንጁ ሽጉጡን ሲሰጠው ጥይቱን ይዞ ሄደ እኮ። አውሮፕላኑ ጋ የሸኘሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አባባ በምን ይተኩስ ነበር?»

«ደግፌ ተኩሷል ማን አላችሁ?»

  እንዲህ ከሆነ ለምን ቆራርጣችሁ አካፈላችሁን፣ ለምን በጥይት ተስማሙ አላችሁን ብዬ ቆጣ አልኩ። እሳቸው አልተቆጡም።

«ጥይት ቢኖር ኖሮ እሱንም እናካፍላችሁ ነበር» አሉኝ። «ደግፌ በዚያ ሽጉጥ አንድ ቀን እንኳ ተኩሶ አያውቅም።»

ሚልክያስ